ያላመጣሁት መርዶ

ውድ ስጦታው፣

መንገዱን አግኝቼዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ይሸፍነዋል። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ሁልጊዜ የሚቆረጥብን ቦታ፣ አፋፉ ላይ ቆመን አንተ ጠጠር እየወረወርክ «እዚህስ ዝንጀሮም አይወርድ» የምትለው ቦታ፣ መውረጃ አለው። ሳይክል ይወርድበታል። ወርጄበታለሁ። ከሞጣ ተነሥቶ አስፋልት ሳይረግጡ ቢቸና መግባት ይቻላል።

ሌላው ነገር። እናትህ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶው ያንተ ነው።

ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አልነበረብኝም። ግን ሁለቱም የሆኑት በአንድ ጠዋት ነው፤ ሁለቱንም ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። አንዱን አውቄ፣ አንዱን ሳላውቅ። አሁን የምጽፈው ለሕያው ሰው ይሁን ለ... አይ። በተራ ልንገርህ። በተራ ካልነገርኩህ እኔም አላምነውም።

አንተ አዲስ አበባ ሄደህ በሳይክል ዕቃ ማድረስ ከጀመርክ ወዲህ እኔ አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ በሳይክል ጎማና በካቴና መካከል ተቀምጫለሁ። መጨረሻ የደወልክልኝ ዕለት ስለ ከተማው ቁልቁለት ነበር የምታወራኝ። «ፍሬን መያዝ እንጂ መልቀቅ የሚባል የለም እዚህ» አልክና ሳቅህ መሐል ላይ ተቆረጠ። መስመሩ ነው የተቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የለም። አስፋልቱም ተከፈተ ሲሉት ይዘጋል። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ያንተን ሳይክል አወጣሁ። እኔ ዘንድ ስትተዋት «ቆማ እንዳትዝግ ንዳት» ብለኸኝ የለ? የኔዋ ፍሬኗ አልቋል። ያንተን ቀይ ሳይክል ይዤ፣ ኮርቻዋ ላይ ታስሮ የቀረውን ሰማያዊ ጃኬትህን ለብሼ ወጣሁ። አባቴ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «ደግሞ ገደል ፍለጋ?» አለኝ። ብርድ እንዳይመታኝ ብሎ ኩታውን ጣለልኝ። «ጥለቱን ጭቃ እንዳታስነካብኝ» አለ። ይህን ቃል አስታውሰው። እኔ አሁንም እሰማዋለሁ።

የነገርከኝን ሁሉ እያሰብኩ ነበር የምሄደው። የፍየል መንገድ አትከተል፤ ፍየል የምትሄድበትን አታውቅም። የበሬ መንገድ ክረምት ያቦካዋል። የአህያ መንገድ ግን አይዋሽም፤ የተጫነች አህያ አቅሟን ታውቃለች፣ ተዳፋቱን በወገቡ እንጂ በደረቱ አትወጣውም። ግንደወይንን በአህያ መንገድ አለፍኩ። ያ በባሕር ዛፉ መካከል የሚጠማዘዘው፣ እየጮህክ የምትወርደው፣ አሁንም አለ። ጎርፍ አንድ ጠርዙን ወስዶታል፤ ግን ያሳልፋል።

ፈርቼ ነበር? አዎ። በየኮረብታው ጫፍ ቆሜ አዳምጥ ነበር። ምን እንደማዳምጥ አላውቅም። ሰው በሌለበት ሰው ያለ ይመስለኛል። ሰው ያለበት ስደርስ ደግሞ ማን ነው ይሉኝ ይሆን እላለሁ። ይህን ሰሞን እንዲህ ነው የምንኖረው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፋፉ ላይ ደረስኩ። መንገዱ እንደ ልማዱ አለቀ። ከታች የእናንተ መንደር ጭሱ ይታያል፤ መውረጃ የለም። እዚያው አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆዎች መካከል፣ የኔታ ኃይለ ሚካኤል ብቅ አሉ።

«አንተ የሞጣው የከሊፋ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ የኔታ።»

«ምን ጠፍቶብህ ነው ገደል ለገደል የምትንከራተት?»

«መንገድ ነው የምፈልግ። ሳይክል የሚወርድበት።»

«አስፋልት አልሠሩላችሁም?»

«ከአስፋልት ውጪ ነው የምንፈልገው፣ የኔታ። ለጨዋታ። ወደፊት ሰላም ሲሆን እንግዶችም ይመጡበታል ብለን።»

ሳቁ። «ሰው ከአቀበት ሊያርፍ መንገድ ይሠራል፤ እናንተ ከመንገድ ልታርፉ አቀበት ትፈልጋላችሁ። በል ግባ፣ መሽቷል።»

እዚያው አደርኩ። ተማሪዎቹ ከለመኑት አካፈሉኝ። ስንበላ ነው የኔታ የነገሩኝ። የተማሪ መንገድ አለች አሉ። ተማሪ ቀለብ ሊለምን ሲወጣ ጠላቱ ውሻ ነው፤ ስለዚህ በየቤቱ ጓሮ፣ ውሻ በማይደርስበት በኩል ይሄዳል። አቀበትም አይወድም፤ ሆዱ ባዶ ነው። ከዚህ ተነሥታ ገደሉን በወገቡ ይዛ፣ ከጽድ ስር ለስር ዞራ፣ እታች ከእናንተ መንደር ጓሮ ትወጣለች።

ስጦታው፣ ብታያት። ገና ሲነጋጋ፣ ከብት ሳይወጣባት፣ ጀመርኳት። ስፋቷ አንድ ሰው ነው። የጽድ ቅጠል ተነጥፎባታል፤ ጎማ ድምፅ የለውም። አንዱን ጥምዝ ስትጨርስ ሌላው ራሱ ተቀብሎ ያዞርሃል። ፔዳል መምታት ተውኩ፤ ፍሬን መያዝም ተውኩ። በግራዬ ባዶ ነው፣ ሰማይ ነው። ጮህኩ። አንተን ጠራሁህ። ስምህን እየጠራሁ ነው የወረድኩት፤ ማን እንደሰማኝ እንግዲህ...

ከታች ጅረቱ ላይ ወደቅሁ። ምንም አልሆንኩም፤ ጃኬትህ ግን ራሰ። ስነሣ የኋላው ጎማ እሾህ በልቶ ተንፍሷል። መንፊያውን አላመጣሁም። ጃኬቱን እንዲደርቅ ኮርቻው ላይ አለበስኩት። የአባቴን ኩታ ለበስኩ፤ ጥለቱ ጭቃ እንዳይነካው ገልብጬ ወደ ላይ አደረግሁት። ሳይክሏን በመሪዋ ይዤ እየጎተትኩ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለእናትህ «ምሥራች!» ልል ነበር። «ልጅዎ የሚፈልገው መንገድ ተገኘ» ልል።

እማማ ፀሐይነሽ ጀሪካን ይዘው ወደ ምንጭ ሊወርዱ አጥሩ በር ላይ ነበሩ። አዩኝ። ጀሪካኑን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ። አቃንተው። ክዳኑን አጠበቁ። ከዚያ ጮኹ።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ከኋላዬ የሆነ ነገር የመጣ መስሎኝ። ማንም የለም። እኔ ነኝ።

ኋላ የኔታ ናቸው ያስረዱኝ። በእናንተ አገር መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው። አርጂው፣ መርዶ ነጋሪው፣ መጀመሪያ ከካህን ጋር መክሮ በቤተ ክርስቲያን በኩል ይመጣል። የኩታውን ጥለት ወደ ላይ ይገለብጣል። ወንድ የሞተ እንደሆነ ደግሞ ፈረሱን፣ ልብሱን ኮርቻው ላይ አልብሰው፣ ሰው ሳይቀመጥበት ይጎትቱታል። እኔ የሞጣ ከተማ ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቤት ሰው ሲሞት ቶሎ ይነገራል፣ ቶሎ ይቀበራል፤ ፈረስ ሲጎተት አይቼ አላውቅም። ከራሴ እስከ እግሬ መርዶ ሆኜ፣ ያንተን ቀይ ፈረስ እየጎተትኩ እናትህ ደጅ ቆሜያለሁ። እና ፈገግ እያልኩ።

«እማማ፣ ደህና ነው! ስጦታው ደህና ነው!» አልኩ።

«ደህና ነው አለኝ!» ብለው ወደ ጎረቤቱ ጮኹ። «ሰማችሁ? ደህና ነው አለኝ እኮ! ወይኔ ልጄን!»

ሴቶች በየአጥሩ ዘለሉ። አንዷ ደረቷን እየመታች «የወንድሜን ጊዜም ‹ትንሽ አሞታል› ነበር ያሉን» አለች። ሌላዋ «ተይው፣ የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚል» አለች። ባልኩ ቁጥር ይብሳል። «በሕይወት አለ» ስል እናትህ ምድር ላይ ወደቁ። ዝም ስልም ወደቁ። ምን ልበል? በዚህ አገር «ደህና ነው» የሚለውን ቃል ሞት ቀድሞ ወስዶታል።

አጎትህ አያ ምንይሉ ክንዴን ይዘው ከአጥሩ ኋላ ወሰዱኝ። ዓይናቸው ደርቋል።

«በል፣ እኔ ወንድ ነኝ። ለእኔ ንገረኝ። በምንድን ነው?»

«አያ ምንይሉ፣ በአላህ፣ ምንም የለም። ጎማ ፈንድቶብኝ ነው።»

«ጎማ» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «መኪና ነው እንግዲያ።»

«የምን መኪና! የሳይክሉ ጎማ!»

«ገባኝ፣ ገባኝ። አይዞህ። አንተም ብዙ አይተሃል።»

ረፋዱ ላይ መኪና ገጭቶህ ነበር። ቀትር ላይ የመኪናው ቀለም ታወቀ። ነጭ ነው አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ።

ለየኔታ ሰው ላክሁ፤ እርሳቸው ያስረዱልኛል ብዬ። እየሮጡ መጡ። ሰው ሁሉ ከበባቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፤ «ይህ ልጅ እርስዎ ዘንድ ነው ያደረ?» የኔታ ምን ይበሉ? «አዎን፣ እኔ ዘንድ አድሯል፤ ግን...» ከ«ግን» በኋላ ያለውን የሰማ የለም። ከካህን ጋር መክሮ ነው የመጣ ማለት ነው። አለቀ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ይህንን ነው መጻፍ የምፈራው።

እናትህ በድንገት ዝም አሉ። ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አብዱልሐኪም፣ ሐኪሜ፣ አንተ በሐሰት አትምልም። አባትህን አውቀዋለሁ። በአላህ ስም ማልልኝ። ልጄ በሕይወት አለ ብለህ ማልልኝ። ይህን ሁሉ ሰው አሁን እበትነዋለሁ። ድንኳኑን በእጄ እነቅለዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ።

አያ ምንይሉ ከኋላ «ድምፁን መቼ ነው የሰማኸው?» አሉ። በክፋት አይደለም። ለማወቅ ነው።

ከክረምት በፊት ነው። ሳቅህ መሐል ላይ ተቆርጦ። ከዚያ ወዲህ በምን አውቃለሁ? መርዶ አላመጣሁም ብዬ መማል እችላለሁ፤ ማልኩም፤ እርሱን ማንም አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ በሕይወት አለ ወይ ነው። ያንን ጠዋት፣ የእናትህ እጅ ጉንጬ ላይ ሆኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፤ እንደማላውቅ። ክረምቱን ሁሉ አለ እያልኩ የኖርኩት አውቄ አልነበረም። ልማድ ነበር። መንገድ ስፈልግልህ፣ ጎማህን ስነፋልህ፣ አለህ ብዬ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም፤ ሳላስበው የያዝኩት ነበር።

አልማልኩም።

«በቃ» አሉ እናትህ። እጃቸውን ከፊቴ አወረዱ። ቀስ አድርገው ነው ያወረዱት፤ ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሕልም ነው የማየው። ሳይክልህን ከእጄ ወሰዱ። ጃኬትህን ኮርቻው ላይ አስተካክለው አለበሱት፣ ቤት የቀረውን ባርኔጣህን መሪው ላይ አንጠለጠሉ። አያ ምንይሉ ይዘዋት በለቅሶው መካከል ዞሩ። ጎማዋ የተነፈሰ ነው፤ በየዙሩ ጧ፣ ጧ ትላለች። ሙሾ አውራጇን ይርጋነሽን ታውቃታለህ፤ ሠርግ ላይ የምትሰድብህ። መሐል ገብታ አወረደች፦

«ሣር አይል ውኃ አይል ይህ የብረት ፈረስ፣
ጌታውን የት ጥሎ ብቻውን ይደርስ?»

ሰው አለቀሰ። ወንዶቹ አለቀሱ። አንዱ ጎረቤታችሁ ተነሥቶ «ማለዳ ተነሥቶ የሚሠራ፣ ለሰው የሚደርስ ልጅ ነበር» አለ። ስጦታው፣ አንተ! ማለዳ! ፀሐይ ሽንጥህን ሳትመታህ ተነሥተህ ታውቃለህ? ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ፊቴን በኩታው ሸፈንኩ። አጠገቤ ያለው ሰው ትከሻዬን ይዞ «አልቅስ፣ ይውጣልህ» አለኝ። አላለቀስኩም። ካለቀስኩ እኔም ምስክር እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሳይክሏ ተወስዳ፣ አስፋልቱም ተዘግቶ ስለነበር ወደ ሞጣ አልተመለስኩም። በሰልስቱ ዕለት፣ ሰው ቀለል ሲል፣ እናትህ ጠሩኝ። ቤቱ ውስጥ ብቻችንን ነበርን። ፊታቸው አብጧል፤ ግን ያረፈ ፊት ነው። ደነገጥኩ። ከጩኸቱ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

«ለስጦታው ደብዳቤ ልትጽፍ ነው አሉ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚሄድ ነጋዴ ጋር ልትልክ።»

«አዎ እማማ። ከዚያ አዲስ አበባ ይሻገራል፤ የሳይክል ልጆች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ነግሮኛል። ያገኙታል።»

«አትጻፍ።»

የሰማሁት አልመሰለኝም።

«ክረምቱን ሙሉ» አሉ፣ «ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሰው ሲያስል። በር ሲንኳኳ። እህል ቀርቦልኝ ጆሮዬ ውጪ ነው። የዚህ መንደር እናት ሁሉ እንዲሁ ነች፤ አትናገርም እንጂ። አሁን አልቅሼ ወጣልኝ። ሰው አለቀሰልኝ። ትላንት ተኝቼ አደርኩ ልጄ፣ ተኝቼ! አንተ ደግሞ ‹ምናልባት› ብለህ በሩ ላይ መልሰህ ልታቆመኝ ነው?»

«ቢመጣስ እማማ?»

«ቢመጣ ይመጣል። የሚመጣ ሰው ወረቀት አይጠብቅም። ካልመለሰልህስ? ያን ጊዜ ሁለተኛ ልቅበረው ነው? አልችልም። አንዱን ችያለሁ።»

ከዚያ «እኔ እኮ ያን ጠዋት ጎማው ፈነዳ ስትል ሰምቼሃለሁ» አሉ። «ሰምቼሃለሁ። ግን ጩኸቱ አንዴ ወጥቷል። ለመጮህ ስንት ጊዜ ጠብቄ እንደነበር አላውቅም ነበር።»

ወጥቼ አጥሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። መሞትህን ያወቁ መስሎኝ ነበር የምፈራቸው፤ ለካ እናትህ ከእኔ እኩል ነው የማያውቁት። እኔ አለማወቄን ይዤ መንገድ ፈለግሁበት። እርሳቸው ለቅሶ ተቀመጡበት። ማንኛችን እንደተሳሳትን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው።

እምቢ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። እናትህን እየበደልኩ ይሆናል። ግን የአርባህ ተዝካር እየተዘጋጀ ነው፤ ብቅል ተነክሯል፤ እና ተዝካርህ ከወጣ በኋላ ብትመጣ በዚያ መንደር የት እንደምትቆም አላውቅም።

ስለዚህ ካለህ ቶሎ ና። አመጣጥህን ግን ልንገርህ፤ የኔታን ጠይቄያለሁ። በማለዳ አትምጣ። በተማሪ መንገዷ አትምጣ፤ ምን ያህል ብታምርህም ለሌላ ቀን ተዋት። በቢቸና በኩል፣ በገበያ ቀን፣ በቀትር፣ ሰው እያየህ ና። ከዚያ ሰው ልከህ የኔታን አስጠራቸው። ድንገተኛ ደስታ እንደ መርዶ ሰው ይገድላል አሉ፤ ስለዚህ እርሳቸው ቀድመው እናትህ ዘንድ ገብተው «ስጦታው ትንሽ ተሽሎታል» ብለው ይጀምራሉ። ይህን ሲሉኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ስልክ ከተለቀቀ ድምፅህን ብቻ ስደድልኝ። አንዲት ቃል። እሄድና እምላለሁ።

ካልመጣህስ? እርሱን ሳስብ ነው በየሌሊቱ እንቅልፍ የሚርቀኝ። ሰው ሲሞት አንድ ሰው ቀድሞ ይሰማል፤ ሌላው ከእርሱ ይሰማል። እንደዚያ ነው ሞት ከቤት ቤት የሚዞረው። ያንተን ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለ ሰው ሁሉ ከእኔ ነው የሰማው። እውነተኛው ወሬ ቢመጣ እንኳ ማንም ወደ እኔ አይመጣም። በንጋት በሬን የሚያንኳኳ የለም። ጥለቱን ገልብጦ የሚቀመጥልኝ የለም። እርሱማ ያውቃል ይላሉ፤ እርሱ አይደል የነገረን ይላሉ።

ስለዚህ ስጦታው፣ ካለህም ከሌለህም፣ የምትነግረኝ አንተው ነህ።

ገና ያላለቀሰልህ ወንድምህ፣
አብዱልሐኪም ከሊፋ